አሜሪካ ጦር ውስጥ ውጊያ ያለበት ስራ ለመምረጥ ለሚያስብ ሀበሻ፣ ከሪክሩተሩ ቢሮ እስከ መሳፈሪያው ቀን

በየጊዜው ልጆች ይደውሉልኛል። አብዛኞቹ በዲቪ የመጡ ናቸው፣ 20፣ 22 አመት፣ መጋዘን ወይ ፓርኪንግ የሚሰሩ፣ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፣ «አርሚ ልገባ ነው፣ ግን ቢሮ መቀመጥ አልፈልግም፣ ውጊያ ያለበት ስራ ነው የምፈልገው፣ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?» እና በስልክ ስደጋግመው ከምኖር አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። አንተ እያልኩ ብጽፍም ለእህቶቼም ነው፣ ከ2016 ጀምሮ (አመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እግረኛውም ታንኩም ሬንጀሩም (የተመረጠው ልዩ እግረኛ) ለሴት ክፍት ነው።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩት ገና ከበሩ ነው። የፈለግኩት እግረኛ ጦር ነበር፣ የገጠመኝ ሪክሩተር (ለጦሩ ሰው የሚመለምለው) ግን «አሁን ቦታ የለም፣ በ92 ያንኪ ግባና ስድስት ወር ቆይተህ ትቀይራለህ» አለኝ፣ አመንኩት ፈረምኩ። 92 ያንኪ ማለት ስንቅና ትጥቅ ነው። ሶስት አመት ሙሉ ጓንትና የመኝታ ከረጢት ስቆጥር ኖርኩ፣ የቀየርኩትም ኮንትራቴ ሊያልቅ ሲል እንደገና ስፈርም ነው፣ ያኔ ወደ 12 ብራቮ ሄድኩ፣ የውጊያ መሀንዲስ፣ ከዛ አፍጋኒስታን። እና ከታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚች ጋ ነው የሚመጣው፣ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር እንዳልተባለ ቁጠረው።

1. መጀመሪያ ውጊያ ስትል ምን ማለትህ እንደሆነ ለይ

ይሄን የምለው ለፍልስፍና አይደለም፣ የስራው ኮድ የሚመረጠው ከዚህ ስለሆነ ነው። ጠመንጃ ይዞ ሰው ፊት መቆም ነው የምትፈልገው? የቆሰለ ጓደኛህን ደም ማቆም ነው? መድፍ መተኮስ ነው? ፈንጂ ማምከን ነው? ወይስ እውነቱን ለመናገር ከመጋዘኑ ስራ መውጣትና ዩኒፎርሙን መልበስ ብቻ ነው? የመጨረሻው ከሆነ አያሳፍርም፣ ግን ለሱ እግረኛ መሆን አያስፈልግህም።

ሌላው ማወቅ ያለብህ ነገር፣ የስራው ስም ግማሹን ብቻ ነው የሚወስነው። ግማሹን የሚወስኑት የምትመደብበት ክፍልና ዘመኑ ናቸው። አሜሪካ ከአፍጋኒስታን የወጣችው ነሀሴ 2021 ላይ ነው፣ ከዛ ወዲህ የገባ ስንትና ስንት እግረኛ ፖላንድ ኩዌት ኮሪያ ደርሶ ልምምድ ሰርቶ አንዲት ጥይት ወደ ሰው ሳይተኩስ ኮንትራቱን ጨርሶ ወጥቷል። በተቃራኒው ደግሞ መጋቢት 2003 ኢራቅ ናሲሪያ ላይ ደፈጣ ውስጥ የገባው ኮንቮይ የጥገና ሻምበል ነበር፣ አብሳይ፣ መካኒክ፣ የስንቅ ሰራተኛ፣ 11 ወታደር ሞተ፣ የተማረከም አለ። ጥር 2024 ዮርዳኖስ ውስጥ ታወር 22 የሚባለው ካምፕ ላይ ድሮን የገደላቸው ሶስቱም የሪዘርቭ መሀንዲሶች ናቸው፣ እግረኛ አይደሉም። ሰኔ 2025 ኢራን ኳታር ያለውን አል ኡዴይድ በሚሳኤል ስትመታ ካምፑ ውስጥ ቀርተው የተከላከሉት ደግሞ የፓትሪዮት፣ የሚሳኤል መከላከያው፣ ልጆች ናቸው። ስለዚህ «ውጊያ የሚበዛበት» የምንለው በእድል ደረጃ ነው እንጂ ማንም ዋስትና አይሰጥህም፣ የሚሰጥህ ካለም ውሸቱን ነው።

2. ስራዎቹን በቁጥራቸው እወቅ

አርሚ ውስጥ ስራ የሚጠራው በቁጥርና በፊደል ነው፣ ፊደሉ የሚጠራው በሬዲዮ ስሙ ነው፣ «ብራቮ» ቢ ነው፣ «ኤክስሬይ» ኤክስ ነው። ሪክሩተሩ ጋ ስትገባ «ኮምባት ነገር» ብለህ ከጠየቅክ የፈለገውን ይሰጥሃል፣ ቁጥሩን ከጠራህ ግን የምትፈልገውን የምታውቅ ሰው መሆንህን ያያል።

11 ኤክስሬይ እግረኛ ነው። ኮንትራትህ ላይ 11 ኤክስሬይ ተብሎ ይጻፍና ስልጠናው ላይ እነሱ ይከፍሉታል፣ ወይ 11 ብራቮ ትሆናለህ፣ ጠመንጃና መትረየስ፣ ወይ 11 ቻርሊ፣ ሞርታር። መምረጥ አትችልም። ስልጠናው ፎርት ቤኒንግ ጆርጂያ ነው፣ 22 ሳምንት፣ ቤዚኩም (መሰረታዊው ስልጠና) የሙያው ስልጠናም አንድ ቦታ ከነዛው ድሪል ሳጅኖች፣ ከአሰልጣኞቹ፣ ጋር። ከዚህ የበለጠ ቀጥ ያለ መንገድ ወደ ውጊያ የለም። ችግሩ ስትወጣ ነው፣ ሲቪል አለም ላይ ለሞርታር ተኳሽ የሚሰጥ ላይሰንስ የለም፣ ስለዚህ የትምህርት ገንዘቡን፣ ጂአይ ቢል የሚባለውን፣ 36 ወር ሙሉ እንደምትጠቀምበት ከአሁኑ አስብ።

19 ዴልታ ቃኚ ነው፣ 19 ኪሎ ታንከኛ፣ ሁለቱም የሚሰለጥኑት እዛው ቤኒንግ ነው። ቃኚ ከዋናው ጦር ቀድሞ ሄዶ የሚያይ ስለሆነ ብዙ ቅዝቃዜና ብዙ ዝምታ ያለበት ስራ ነው፣ ትእግስት ከሌለህ አትሂድ።

13 ፎክስትሮት ብዙ ሀበሻ የማያውቀው ግን እኔ በጣም የማከብረው ስራ ነው፣ ከእግረኛው ጋር እየሄደ መድፍና አውሮፕላን በሬዲዮ የሚጠራው ሰው ማለት ነው። ሂሳብና ጆሮ ይፈልጋል፣ ከዛ ላይ ክሊራንስ፣ ማለትም ሚስጥር የማየት ፈቃድ፣ እሱ ጋ በኋላ እመለሳለሁ።

12 ብራቮ የኔ ስራ ነው። ስልጠናው ፎርት ሊዮናርድ ዉድ ሚዙሪ። ፈንጂ ማፈንዳት፣ መሰናክል መስበር፣ መንገድ መጥረግ። አፍጋኒስታን ውስጥ የኛ ስራ መንገድ መጥረግ ነበር፣ ከፊት አንድ ሰው ብቻ የሚይዘው ሀስኪ የሚባል መኪና ብረት እየፈለገ ይሄዳል፣ ከኋላው ረጅም ክንድ ያለው ቡፋሎ፣ ከዛ እኛ፣ በእግር ከመሄድ በማይፈጥን ፍጥነት ስድስት ሰባት ሰአት። አይንህ አፈሩ ላይ ነው። ቀለሙ ከጎረቤቱ ትንሽ የጠቆረ አፈር፣ ጫፏ ብቻ ብቅ ያለች ሽቦ፣ ትላንት ያልነበረች ሶስት ድንጋይ ተደራርባ። ብዙውን ቀን ምንም አታገኝም፣ ያ ነው የሚያደክመው፣ ምንም ያልተገኘበትን ቀን ሙሉ ሰውነትህ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ይውልና ማታ ስትተኛ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ውጊያ ሲባል ተኩስ ብቻ ለሚመስለው ይሄን አስቀድሜ ልንገረው ብዬ ነው።

68 ዊስኪ ሜዲክ ነው። እኔን ታናሽ ወንድሜ ቢጠይቀኝ ወደዚህ ነው የምገፋው። ከቤዚክ በኋላ ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ 16 ሳምንት ትማራለህ፣ ስትጨርስ የሲቪሉን የአምቡላንስ ሰርተፊኬትም ይዘህ ነው የምትወጣው፣ እግረኛ መቶ ውስጥ ከተመደብክ ደግሞ እነሱ የሄዱበት ሁሉ ትሄዳለህ፣ ስምህም «ዶክ» ይሆናል። መመደብህን ግን አንተ አትወስንም፣ ክሊኒክ ውስጥ ክትባት ስትወጋ ሁለት አመት ልታሳልፍ ትችላለህ። ማሪኖች ጋ ከሆነ ልብህ፣ የራሳቸው ሜዲክ የላቸውም፣ የነሱ ሜዲክ የኔቪ ኮርማን ነው፣ ስለዚህ የምትፈርመው ከኔቪ ጋር ነው ማለት ነው።

14 ታንጎና 14 ኤኮ ፓትሪዮት ናቸው፣ ፎርት ሲል ኦክላሆማ። ድሮ ማንም «የውጊያ ስራ» ብሎ አይቆጥራቸውም ነበር፣ አሁን ግን ከቤታቸው በብዛት ርቀው ከሚኖሩት ውስጥ ናቸው። 88 ማይክ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ ኢራቅ ላይ መንገድ ዳር በተቀበረ ፈንጂ ስንቱን እንዳጣን ስታስብ እሱንም «ሎጂስቲክስ ነው» ብለህ አትናቀው፣ ስትወጣ ደግሞ የመኪና ስራ ይጠብቅሃል።

18 ኤክስሬይ ስፔሻል ፎርስ የሚሞክር ሰው ኮንትራት ነው። የሚፈርመው ብዙ ነው፣ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ የወደቀ ሰው ሰራዊቱ የፈለገው ቦታ ነው የሚሄደው። ወድቄ ተራ እግረኛ ብሆንም ደስ ይለኛል ካልክ ብቻ ፈርም።

ማሪን ውስጥ ደግሞ ኮንትራቱ የሚሰጥህ አንድ ስራ ሳይሆን የስራ ቤተሰብ ነው፣ እግረኛ ብለህ ትፈርምና ጠመንጃ ይሁን መትረየስ ይሁን ሞርታር በኋላ ነው የሚታወቀው። የሚዋጋ ብቻ ነው ማሪን የሚገባው የሚለውን ወሬ አትስማ፣ እዛም ደሞዝ የሚያሰላ ሰው አለ።

3. ግሪን ካርድህን አውጣና እየው

ግሪን ካርድ ይዘህ ተራ ወታደር ሆነህ መግባት ትችላለህ፣ መኮንን መሆን ግን አትችልም። ክሊራንስ የሚጠይቅ ስራም ዜጋ እስክትሆን ዝግ ነው፣ ስለዚህ 13 ፎክስትሮት፣ 18 ኤክስሬይ፣ ፈንጂ አምካኙ 89 ዴልታ ለጊዜው ይቀሩብሃል። እግረኛና ሜዲክ ክፍት ናቸው።

ዜግነቱን በውትድርናው በኩል ገና ስልጠና ላይ እያለህ ማመልከት ይቻላል፣ ፎርሞቹ ኤን-400 እና ኤን-426 ይባላሉ፣ ክፍያ የለውም። ድሪል ሳጅኑ አያስታውስህም፣ አንተ ነህ ደጋግመህ የምትጠይቀው፣ ከመሄድህ በፊት ወረቀትህን ሁሉ ኮፒ አድርገህ በፌስታል ያዝ። አንድ የምትረሳው ነገር ደግሞ የኢትዮጵያ ህግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፣ ቤተሰብህ እዛ መሬት ምናምን በስምህ ካላቸው ቀድመህ ተነጋገርበት።

አገር ቤት ዲግሪ የጨረስክ ከሆነ ትራንስክሪፕትህን አስገምግመህ ሂድ። ዲግሪ ያለው ሰው ስፔሻሊስት በሚባለው ማእረግ፣ ኢ-4፣ መጀመር ይችላል፣ ደሞዙም ይለያያል፣ ይሄን ያልነገሩት ስንት ኢንጂነር አውቃለሁ መጥረጊያ ይዞ ከታች የጀመረ።

4. አስቫብ

አስቫብ የመግቢያው ፈተና ነው። ለአርሚ ሃይስኩል ዲፕሎማ ያለው ሰው ዝቅተኛው 31 ነው፣ እሱ ግን የበሩ መግቢያ ብቻ ነው፣ ስራ የሚከፍተው ሌላ ነጥብ ነው። ለእግረኛ «ሲኦ» የሚባለው 87 ይፈልጋል፣ ለሜዲክ «ጂቲ» 107 እና «ኤስቲ» 101፣ ለ18 ኤክስሬይ ጂቲ 110። እኛ ሂሳቡ ላይ አንታማም፣ የሚጥለን የእንግሊዝኛ ቃላቱና ስለ መኪና ስለ መካኒክ የሚጠይቀው ክፍል ነው፣ እኔ የመኪና ኮፈን ከፍቼ ሳላውቅ ነው የተፈተንኩት። ሁለት ወር በማታ ማታ አጥና፣ ላይብረሪ መጽሀፉ በነጻ አለ። ከወደቅክ አንድ ወር ቆይተህ ትደግማለህ፣ ለሶስተኛው ሌላ አንድ ወር፣ ከዛ በኋላ ግን ስድስት ስድስት ወር ነው፣ ስለዚህ «እስኪ ልሞክረው» ብለህ ሳታጠና አትግባ። ነጥብህ ከ31 በትንሹ ካነሰም አርሚ ፎርት ጃክሰን ላይ ከ2022 ጀምሮ የማጠናከሪያ ኮርስ አለው፣ ስለሱ ጠይቅ።

5. ሰውነት

ሩጫው አያሳስበኝም፣ እኛን የሚገድለን ከወገብ በላይ ነው። ከ2025 ጀምሮ ፈተናው አምስት ነው፣ ዴድሊፍት፣ ፑሽ አፕ፣ እየሮጡ መጎተትና መሸከም፣ ፕላንክ፣ ሁለት ማይል ሩጫ፣ ከ500። ለውጊያ ስራዎች የሚፈለገው 350 ነው፣ ለወንድም ለሴትም እኩል፣ ከአንዱም ቢሆን ከ60 በታች መውረድ የለም። ከስድስት ወር በፊት ጀምርና ብረት አንሳ። ቦርሳ ተሸክመህ መሄድንም ተለማመድ ግን በቀስታ፣ 15 ፓውንድ ጀምረህ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ጨምር፣ ከነቦርሳው አትሩጥ፣ ጉልበቱን ገና ሪክሩተር ቢሮ ሳይደርስ የጨረሰ ልጅ አውቃለሁ። ካልሲ ሁለት ጥንድ ያዝ፣ መሀል ላይ ቁጭ ብለህ ቀይር፣ እግርህን አድርቅ። እግረኛ ጦር የሚሸነፈው መጀመሪያ ተረከዙ ላይ ነው።

የምትጾም ከሆነ የንስሐ አባትህን አሁን አነጋግር፣ ስልጠና ላይ ሆነህ በረሃብ መውደቅ ለማንም አይጠቅምም፣ የኔ አባት «ጸሎትህን ያዝ፣ የሰጡህን ብላ» ነው ያሉኝ። ማተቤን ከልብሴ ውስጥ አስሬ ነው የጨረስኩት።

6. ሜፕስ እና ኮንትራቱ፣ እዚህ ጋ ረጋ በል

ሜፕስ ማለት የምትመረመርበትና የምትፈርምበት ቦታ ነው። ከሌሊቱ አስር ሰአት ቀስቅሰው ይወስዱሃል፣ ደም፣ ጆሮ፣ አይን፣ በውስጥ ሱሪ እንደ ዳክዬ ቁጢጥ ብለህ ትራመዳለህ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ አይን እግረኛን ይዘጋል፣ ከ13 አመት በኋላ የነበረ አስም ያስቸግራል። የህክምና ታሪክህን ሲስተሙ ላይ ስለሚያዩት «አትንገር ዝም በል» የሚልህን ሪክሩተር አትስማው፣ ተጠያቂው ፈራሚው ነው።

ከሰአት ላይ ደክሞህ እርቦህ አንድ ካውንስለር ፊት ትቀመጣለህ፣ ስራ የሚሰጥህ እሱ ነው፣ ሪክሩተርህ እዛ የለም። ኮምፒውተሩን ያዞርልህና «ዛሬ ያለው ይሄ ነው» ይልሃል፣ ዝርዝሩ ላይ 11 ኤክስሬይ ከሌለ «አመሰግናለሁ፣ ሲኖር ጥሩኝ» ብለህ መነሳት ትችላለህ። ከባድ ነው አውቃለሁ፣ እኛ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት እንቢ ማለት አልተማርንም፣ እኔም የፈረምኩት ሰውየውን ማሳፈር ከብዶኝ ነው፣ ሶስት አመት ከፈልኩበት። ተነስተህ ብትሄድ ይደውሉልሃል።

ከመፈረምህ በፊት ወረቀቱ ላይ በጣትህ እየተከተልክ እነዚህን ፈልግ። የስራው ቁጥር፣ ስንት አመት፣ ቦነስ ካለ ስንት ብርና መቼ እንደሚከፈል፣ ኤርቦርን ወይ ሬንጀር ተብለህ ከሆነ እሱም በጽሁፍ። ኤርቦርን ማስጻፍ ለውጊያ ፈላጊ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በፓራሹት የሚዘል ክፍል እንደ ፎርት ብራጉ 82ኛ ክፍለ ጦር ያለው ድንገት ሲጠራ ቀድሞ የሚሄድ ነው። ሬንጀር ከሆነ የሚጻፈው ኦፕሽን 40 ይባላል። «ስንት አመት» ስልህ ደግሞ 3 ወይ 4 ብትፈርምም የጠቅላላ ግዴታህ 8 አመት ነው፣ ቀሪውን ቤትህ ሆነህ በተጠባባቂነት ትቆያለህ፣ ሊጠሩህ ይችላሉ።

ከፈረምክና ከማልክ በኋላ ገና ሳትሳፈር ሀሳብህን ብትቀይር መውጣት ትችላለህ። «ትታሰራለህ» ይሉሃል፣ አትታሰርም። ሁለተኛውን መሀላ ምለህ ከተሳፈርክ ግን በቃ፣ ወታደር ነህ።

ናሽናል ጋርድንም፣ በትርፍ ጊዜ የሚያገለግለውን የክፍለ ግዛት ጦር፣ አስብ፣ ቨርጂኒያ ለምትኖሩ 116ኛ እግረኛ የሚባለው በሁለተኛው የአለም ጦርነት ኦማሃ ባህር ዳርቻ ላይ የወረደው ክፍል እዛው ነው ያለው፣ ስራህን ሳትለቅ ቅርብህ ያለውን ክፍል መርጠህ ነው የምትገባው።

7. ቤት ውስጥ መንገር

ይሄን ክፍል ማንም ፈረንጅ አይጽፍልህም። ለኛ ወላጆች ውትድርና ማለት አፈሳ ነው። እናቴ ወንድሟን በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ከሰፈር ወስደውባት አልተመለሰም፣ ሬሳውንም አላዩ። ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያለው ኪችናችን ውስጥ፣ ቢላውን አስቀመጠችና «እኔ ከዛ ያሸሸሁህ በእጄ ልሰጥህ ነው?» አለችኝ። ምን ትመልሳለህ። ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም።

የሰራልኝ መዋሸቱ አልነበረም፣ መጀመሪያማ «ቢሮ ነው» ብያት ነበር፣ የባሰ ሆነ ሲታወቅ። የሰራልኝ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን እያነበብኩ መተርጎሜ ነው፣ ስንት አመት፣ የት፣ ብጎዳ ማን እንደሚያክመኝ፣ ብሞት ምን እንደሚሆን። አዎ ያንንም። ኢንሹራንሱ እስከ 500,000 ዶላር ነው፣ ከዛ ውጪ 100,000 ይሰጣል፣ ተቀባዩን የምትመዘግበው አንተ ነህ፣ እናትህ አዲስ አበባ ካለች ስሟን ልክ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ጻፍ። የኛ ስም መከራ ነው፣ አንዱ ወረቀት ላይ በአባት ሌላው ላይ በአያት ይሆንና ሰው ይንገላታል። በነገራችን ላይ ደረትህ ላይ የሚሰፋው የመጨረሻው ስም ነው፣ እኔ በሲስተሙ ምክንያት ይሄን ሁሉ አመት በአያቴ ስም ነው የተጠራሁት፣ አያቴ አርሶ አደር ነበር፣ ካንዳሃር ላይ ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ መስማት ልዩ ነገር አለው።

የሚከፈለውንም ለራስህ ንገረው። ጆሮዬ ሌሊት ይጮሀል እስከ ዛሬ። ጀርባዬ ከአርባ አመት ሰው ጀርባ የባሰ ነው። ከተመለስኩ በኋላ ሰርግ ላይ ርችት ሲተኮስ ጠረጴዛ ስር የገባሁበትን ቀን ሚስቴ ታውቀዋለች። እርዳታ መጠየቅ ለኛ ነውር ይመስለናል፣ «አእምሮው ተነካ» እንዳይሉን፣ እኔ አራት አመት ዘግይቻለሁ። 988 ደውለህ 1 ስትጫን ለወታደር የተዘጋጀ ሰው ያነሳል፣ ቀኑንም ሌሊቱንም። ጉዳትህን እዛው ሰራዊት ውስጥ እያለህ ክሊኒክ ሄደህ አስመዝግብ፣ ያልተመዘገበ ጉልበት ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች መስሪያ ቤት) ጋ ሲደርስ ጉልበት አይደለም።

8. የመሳፈሪያው ሳምንት

ብዙ እቃ አትያዝ፣ ይወስዱብሃል። የኮንትራትህን ኮፒ፣ ግሪን ካርድህን፣ የባንክ ቁጥርህን፣ አድራሻዎችን በወረቀት ጽፈህ ያዝ፣ ስልክህ ስለሚወሰድ የማንንም ቁጥር በቃልህ አታውቅም። የእናትህን ቁጥር ግን በቃልህ አጥና።

እና አንድ ነገር አስቀድመህ ንገራት። እንደደረስክ አንድ ስልክ ያስደውሉሃል፣ ወረቀት ፊትህ ያስቀምጡና እሱን በእንግሊዝኛ እየጮህክ ታነባለህ፣ ደርሻለሁ፣ ምግብ አትላኩ፣ አድራሻዬን በደብዳቤ እልካለሁ፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ ይዘጋል። ከኋላ ሌላ ሰው ሲጮህ ይሰማታል። ካላወቀች ልጄ ታፈነ ብላ ሰፈሩን ነው የምትሰበስበው። እኔ ወረቀቱን አንብቤ ጨርሼ ድሪል ሳጅኑ ስልኩን ሳይቀማኝ «ደህና ነኝ እማዬ፣ በልቻለሁ» ብዬ በአማርኛ ጨመርኩበት፣ ለዛ 20 ፑሽ አፕ ሰራሁ።